ከእበት እሳት ያወጡት ግንበኛ፦ የአቶ ስጦታው ፋንታ የሕይወት ጉዞ

አቶ ስጦታው ፋንታ ከአባታቸው ከአቶ ፋንታ ውበቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስናቀች የኔሰው በየካቲት ወር 1956 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። ይህን ያስጻፍኩት ታላቅ እህታቸው ይርጋነሽ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሲወለዱ ግን ነበርኩ፤ ከተማሩት ልጆቻቸው ይልቅ የማውቃቸው እኔ ነኝ። ታናሼን «እርሳቸው» ማለት ምላሴን ቢይዘውም ደንቡ ነውና ዛሬ እችለዋለሁ።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሁለት ዓመት ቆዩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከቅኔው ይልቅ የተማሪውን ጎጆ ሲመርጉ ነው የዋሉት። መምህራቸውም «ልጄ፣ አንተስ እጅህ ነው የሚቀኘው» ብለው መርቀው ሸኟቸው። ከዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ግንበኝነትን ያዙ። በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስርጉት ጋር ተጋብተው ጸደንያን፣ ብሩክታይትንና ባንተአምላክን ወለዱ። ስርጉትን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሚከራከረኝ ካለ ከቀብር በኋላ ይምጣ።

በ2002 ዓ.ም. ለግንበኞች የባዮጋዝ ሥልጠና ሲሰጥ ባሕር ዳር ወርደው ሠለጠኑ። ተመልሰውም ጓሯቸውን ቆፍረው ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የተከደነ ጉድጓድ ገነቡ። እበት በውሃ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ምድጃ ሄዶ ይነዳል። ዛፍ መቁረጥ ይቀራል፤ የሚተርፈው ዝቃጭም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ይህን ሲያስረዱ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «በላም ፈስ ልታበስል ነው?» ብያቸዋለሁ፤ አልክድም።

እርሳቸው ግን የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነበሩና «የዘንድሮውን ወጥ በዚሁ እሳት ሠርቼ አበላችኋለሁ፤ እምቢ ካለኝ ጉድጓዱን ደፍኜ ሁለተኛ ስሙን አላነሳም» ብለው በማኅበርተኛው ፊት ቃል ገቡ።

በመስከረም 2003 ዓ.ም. እርሳቸው ለግንባታ ሥራ ሞጣ ሄዱ፤ ስርጉትም እናቷን ለማስታመም ግንደወይን ነበረች። ጉድጓዱን በየማለዳው እንድቀልብ አደራውን ለእኔ ሰጡኝ። ያን የመሰለ፣ ስንት ኩበት የሚወጣው እበት ውሃ ውስጥ ሲገባ አንጀቴ አልቻለም። አንድ ቅርጫት ለጉድጓዱ፣ ሦስት ቅርጫት ለእኔ ግድግዳ አልኩ።

በወሩ ተመልሰው ቧንቧውን ቢከፍቱ ክብሪቱ ብቻ ነደደ። ሦስት ቀን ሙሉ ቧንቧ ሲፈትሹ፣ ጆሯቸውን መሬት ላይ ሲለጥፉ ዋሉ፤ እህል አስጠላቸው። በአራተኛው ቀን በአጥሬ በኩል ብቅ ብለው ከላይ እስከ ታች ኩበት የተለጠፈበትን ግድግዳዬን አዩ።

«እታለም፣ ጋዜ ለካ እዚህ ነው ያለው?»

«ታዲያ ማገዶዬን በውሃ ላላቁጠው?»

«ማኅበሩ እኮ ሃያ ቀን ነው የቀረው። በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው።»

ቢቆጡኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ድምፃቸው ሲሰበር ግን ተሸነፍኩ። ከማግስቱ ጀምሮ የራሴንም የጎረቤቱንም በረት እየጠረግሁ ተሸከምኩ። መንገደኛው «ይርጋነሽ፣ በስተርጅና እበት ለቃሚ ሆንሽ?» እያለ ላገጠብኝ። ኅዳር 10 ቀን ክብሪቱ ሲጠጋ ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ከግንደወይን የተመለሰችው ስርጉት እልል አለች፤ እኔም ሳላፍር አለቀስኩ።

በማኅበሩ ቀን ወጡ ቀረበ፤ የማኅበሩ አባትም ባረኩት። እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ። አንዱ ሌላውን ያያል። ተነሳሁና «ዕድሜ ልካችሁን በኩበት የበሰለ ስትውጡ እበትነቱ ያልታያችሁ፣ ዛሬ ምን ዓይን አበራላችሁ?» ብዬ የመጀመሪያውን ጎረስኩ። የማኅበሩ አባት ሳቁና ተከተሉኝ። ድስቱ ተጠርጎ አለቀ። በማግስቱ ሰባት አባወራ «ለእኛም ቆፍርልን» ብሎ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ከሉማሜ እስከ ሞጣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ገነቡ። የሞጣው ብረት ሠራተኛ አቶ ሙሂዲን ምድጃውን እየሠሩ እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ዘለቁ፤ ይኸው ዛሬም እዚህ ቆመዋል። በጭስ ሲያለቅስ የኖረ የሴት ዓይን አረፈ። ማሳው በዝቃጩ ወዛ፤ ጎመንና ሽንኩርት ለገበያ ተረፈ። ሃያ ሦስት ወጣቶች ከእርሳቸው ሙያ ተምረው ጎጆ ወጡ። ከሁሉም የምትበልጠው ልጃቸው ጸደንያ ናት። «ሴት ልጅ ጉድጓድ ገብታ ልትገነባ?» ያላችሁ ሰዎች ዛሬ በእሷ ጉድጓድ ነው ወጥ የምትሠሩት፤ ስም አልጠራም።

አቶ ስጦታው በኩላሊት ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። አልጋ ላይ ሆነውም የሚጠይቁት ስለ መድኃኒት አልነበረም፤ «የማን ነደደ?» ነበር። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ አለን።

አልቅሱላቸው፤ ግን ደስ ብሏቸው ኖረዋልና ፊታችሁን አትንጩ። ተራ ይዛችሁ የቀራችሁም አትስጉ፤ ጸደንያ ከአርባቸው ማግስት ሞጣ የተጀመረውን ጉድጓድ ትከድንና ወደየቤታችሁ ትመጣለች። ድካማቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም የጀመሩትን የምንጨርስበት ክንድ ይስጠን። አሜን።