የአባባ መኪና ወገብ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለፊልሞን፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? የጆሃንስበርግ ሙቀት በረታባችሁ ወይ? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬም ስኳሯ ወርዶላት እሑድ እሑድ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኔ ብቻ ደክሞኛል። ስልክ ላይ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያልክ ስለማታስጨርሰኝ፣ ጎረቤታችን እዮኤል ወደ እናንተ እንደሚመለስ ስሰማ ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤን መቼም መሀል ላይ አታቋርጠውም።

ነገሩ ስለ አባባ መኪና ነው። ለሠርግህ «ቀይ ቅባው፣ ወልውለው፣ ጥር ላይ ሰላማዊትን ይዤበት ሐይቅ ዳር እዞራለሁ» ብለኸኝ አልነበር? እኔም እሺ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌውን ቀለም ስልጥ ከረምኩ። ልጬ ስጨርስ ከበሩ ሥር ያለውን ብረት በካቻቪቴ ወጋ አደረግኩት። እስከ እጀታው ጥልቅ አለ! ስስበው ስቱኮና የዝገት ዱቄት ይዞ ወጣ። ሌላውን ጎን ብሞክረው ያው ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሐይቅ እርጥበት ቆሞ ምን ይተርፈዋል። ላዩ አምሮ ውስጡ ሲበላሽ «ውስጡን ለቄስ» ይሉ የለ? ጉድ እኮ ነው፣ ጴንጤ ሆኜ ሳለሁ ኑዛዜውን የተቀበልኩት እኔ ሆንኩ።

ትንሽ ስቱኮ ምን አለበት እንደምትል አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ይህ ጣሪያ የሌለው የስፖርት መኪና ነው። ሌላውን መኪና ጣሪያውም ምሰሶውም ይይዘዋል፤ የዚህ ወገቡ ግን ያ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ብቻ ነው። እሱ ከበሰበሰ አንድ ክፉ ጉድጓድ ላይ መሀል ለመሀል ይታጠፋል። ከጎን ባጃጅ ቢገጭህ እንኳ በሩ የሚያርፈው አንተና ሙሽራህ ላይ ነው።

ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያንን ስቱኮ የሞላሁት እኔ ነኝ። አባባ ታሞ፣ እስቲ እንደ ድሮው አምሮ አንድ ጊዜ ልንዳው ሲለኝ፣ ባትላሜራነቱን ገና በቅጡ ሳልለምድ፣ ዝገቱን እያየሁ ጋዜጣ ጠቅጥቄ በላዩ ደፈንኩበት። እሱ ምን ያውቃል፣ ደስ ብሎት ግንባሬን ስሞ መረቀኝ። ስምንት ወር ነዳው፤ አንዳንዴም እማዬን ከጎኑ አስቀምጦ። በሽታው ወሰደው እንጂ መኪናው አልገደለውም፤ ጌታ ነው የጠበቀልኝ። ያን ምርቃት ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

ስለዚህ በወጉ ልጠግነው ተዘጋጀሁ። ባትሪውንና የነዳጁን ታንከር አወጣሁ፣ ወንበሮቹን ነቀልኩ፣ አራት ቦታ እንጨት አስደግፌ ሚዛኑን አስተካከልኩ። ስቆርጠው እንዳይታጠፍ በበሮቹ ክፍተት ላይ ብረት በየድኩበት፤ ልኩንም በሲባጎ ለክቼ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። መብራት ሲሄድ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ ተመልሼ ከሥሩ እገባለሁ። የኔም ወገብ ተቆረጠ! ዓይኔ የገባው ዝገት ሁለት ቀን ሲያስለቅሰኝ እማዬ ሐዘን ገብቶኝ መስሏት ጸለየችልኝ።

ለጥር አይደርስም፣ ፊልሞን። ወፍራሙ ላሜራ ራሱ ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም፤ ከመጣም በኋላ በመዶሻ ቅርጹን የማወጣው እኔው ነኝ።

ሰላማዊት ትናንት ከሥራ ስትወጣ ጋራዥ ብቅ ብላ ነበር። አልደበቅኳትም። ስቱኮውን በነቀልኩበት ቀዳዳ እጇን አስገብታ ዝገቱን ዘግና አየችው። ከዚያ «እኔ በባጃጅም ቢሆን እሄዳለሁ፣ ለእሱ ግን አንተው ንገረው» አለችኝ። ብልጥ ናት፤ ሸክሙን ለእኔ ጥላ ሄደች።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት፣ የሁለቱንም ጎን ብረት ቆርጬ ጣልኩት። ብጠይቅህ እሺ እንደማትለኝ፣ ከለመንከኝ ደግሞ እንደምረታልህ ስለማውቅ ነው። አሁን ስቱኮ የሚለጠፍበት ነገር እንኳ የለውም።

እማዬ እልፍ ጊዜ ትስምሃለች። እህታችን ሩታ «ሰላም በለው፣ ያዘዝኩትን ጫማ እንዳይረሳ» ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለሰኢድም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አኩርፈህ ስልኬን ባታነሣ አልፈርድብህም። ተቀየመኝ፤ ግን ኖረህ ተቀየመኝ።

ታናሽ ወንድምህ አሸናፊ
ሀዋሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.