አሥራ ሰባት ደቂቃ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ እንባ ማዘሉን ተወ ወይስ ዛሬም በጨርቅ እያበስሽ ነው? አባባ ሌሊቱን ይተኛሉ? ታናሹ ልጅሽስ ትምህርቱን ይዟል? እኔ ደህና ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፌም ደህና ነው። የኔ ደህና መሆን ራሱ እንዲያስጠላሽ እፈልጋለሁ።

ልጅሽ ከሥራ ተባርራለች። ሥራ የሌለው እዚህ በሠራተኛው መኖሪያ መቆየት ስለማይፈቀድለት ቅዳሜ አንቺ ዘንድ ትገባለች። «አርፍጄ ነው እማ» ትልሻለች። አላረፈደችም።

ሥራዬን ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ ልንገርሽ። የልብስ ፋብሪካውን ኮምፒውተሮች የምጠብቀው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ለብቻው ከተተወ ሰዓቱን ይስታል፤ ዛሬ ሁለት ሰከንድ፣ ነገ ሦስት እያለ ይንሸራተታል። ለዚህ ሲባል በኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ የተከፈቱ የሰዓት ሰርቨሮች አሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ ትክክለኛውን ሰዓት በነፃ ይናገራሉ፤ ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይሉም። ኮምፒውተሮቻችን በየጊዜው እየጠየቁ፣ መልሱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ ሳይቀር አስበው ራሳቸውን ያርማሉ። የበሩም ኮምፒውተር እንዲሁ ነበር። ሠራተኛው ጣቱን ያስነካዋል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ካለፈ ቀይ ይበራል። በወር ሦስት ቀይ ያየ ያለ ካሳ ይሰናበታል።

በጥቅምት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ሁሌ ስለሚስቅ ሠራተኛው «ጥርሱ» ይለዋል። የበሩን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ለይቼ ሰባት ደቂቃ ወደፊት እንድገፋው አዘዘኝ። «አርባ ሰው በዝቶብኛል» አለ። እምቢ ካልኩ አርባ አንደኛው እኔ እንደምሆንም እየሳቀ ነገረኝ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው እታለም፤ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

የሠራተኛው አውቶቡስ በሩ ጋ የሚደርሰው ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ነው። ልጅሽ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ መሆኗን አልረሳሁም። ቀደም ብለሽ ውጪ ብላት ለምን ትለኛለች፤ ለጓደኞቿም ታወራለች። አልነገርኳትም።

ቀዩ መጀመሪያ የበራባት ቀን ስልኳን ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ስልኬ እኮ ገና አምስት ጉዳይ ነበር የሚለው!» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ስልክሽ ነው የሚዘገየው አልኳት። «የእማ ስጦታ እንደ እማ ቀስ ይላል ማለት ነው» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ከአውቶቡሱ ወርዳ ሮጠች፤ ቀይ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱን ትታ ጎህ ሲቀድ በእግሯ መጣች፤ ሌሎችም እንደሷ ነቅተው ነበር። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጥርሱ ደወለና «አሥር ጨምርበት» አለኝ። ወረፋው ከመስኮቴ ይታያል። ከፊት አራተኛ የቆመችው፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገችው፣ ልጅሽ ነበረች። ጨመርኩ።

የተባረሩት ሰዓቱ ተዛብቷል ብለው ሲጮኹ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩን ከሰርቨሩ ጋር መልሼ አገናኘሁት፤ ወዲያው ልክ ሆነ። ስልካቸውን አውጥተው ቢያስተያዩ አንድ ሰከንድ እንኳ አልተዛነፈም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ እኔም ተነስቼ የበሩ ሰዓት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም አልኩ። ልጅሽ ስልኳን ከኪሷ አላወጣችም። «ጋሼ ካለ ልክ ነው፤ እሱ አይዋሽም» ብላ ማርፈዷን አምና ፈረመች። የሥጋ ዘመዱ ካመነችማ ብለው ሌሎቹም ተራ በተራ ፈረሙ።

ድሮ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ትዪኝ ነበር፤ አልተሳሳትሽም። ይቅርታሽን ፈልጌ አልጻፍኩም። ብቻዬን መሸከሙ ከበደኝና ግማሹን አንቺ ላይ ልጭነው ነው። ለእሷ እንዳትነግሪያት። ካወቀች ለጓደኞቿ ትጽፋለች፣ እኔም እባረራለሁ፤ ያኔ የአባባ መድኃኒትና የታናሹ ትምህርት ይቀራሉ። የቱን እንደምትመርጪ አውቃለሁ፤ ያን እያወቅሁ ነው የጻፍኩልሽ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ታናሹን በርታ ብሎሃል በዪው። የጎረቤታችንን የአናጺውን ቤተሰብ አንድ በአንድ ሰላም በዪልኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ራሷ ናት፤ እንዳትቆጪያት የለመንኩሽ መስሏታል። ስትገባ እቀፊያት፣ እግሯን እጠቢያት፣ ከዚያ ግን ስለ ማርፈዷ ተቆጪያት። ካልተቆጣሻት ትጠረጥራለች።

ወንድምሽ
ከኮምፒውተር ክፍሉ፣ ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን