ከሶዲየም እስከ አርጎን

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለሽቶው ባልሽስ ደህና ነው? ልጅሽ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? እማዬ ከሱቅ ገዝታ በላከችለት አልጋ እየተኛ ነው ወይስ መሃላችሁ ገብቶ እያስቸገራችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን የልብስ ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ አያማትም፤ የሚያማት ዕቃ ማጠብ ሲመጣ ነው። እኔም ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፣ ምክንያቱን ግን አሁን አልነግርሽም። ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ እንዳታነቢ። አውቅሻለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከሰላምታው ሁሉ በኋላ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ አባዬ አሁንም ስሜ ሲነሳ ላለመስማት ሬዲዮኑን ይከፍታል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያን ሁሉ ገጽ የጻፍሽው ለዚያች አንዲት ጥያቄ እንደሆነ ገብቶኛል። መልሱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መስማት አለብሽ። ምን አገናኘው እንዳትዪኝ፤ ያገናኘዋል።

ለሕክምና ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ያጠናሁት በአንቺ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምረሽበታል። መሃል ላይ ሲደርስ ግን ቀዩ ያልቅና ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ከሱቅ እንደወጣ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ "እህቴ ከቤት የወጣችው እዚህ ጋ ነው" አልኩ። ፈተናውን ትተሽ ፀጉር ቤት እከፍታለሁ ስትዪ፣ አባዬ በሚሠራበት ብየዳ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብሎ አውርቶ ጨርሶ ነበር። ያ ሳይበርድ ደግሞ ባለሽቶው መጣ። አባዬ ሠርግሽ ላይ አልተገኘም፣ ልጅሽንም አላየም። እኛም ስምሽን ከመጥራታችን በፊት ሬዲዮኑ የት እንዳለ ማየት ለመድን።

እና ኢንኦርጋኒክ። ሌላውን ትምህርት እንደምንም ቻልኩት፣ እሱ ግን ቆሽቴን አሳረረው። ይሄ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ያኛው አረንጓዴ ነው፤ ይሄ በውሃ ይሟሟል፣ ያኛው አይሟሟም። ለምን ብለሽ ስትጠይቂው፣ ባሕርዩ ነው ይልሻል። ጠዋት የሸመደድኩት ከምሳ በኋላ የለም። አንቺ ጥለሽ ብትወጪ አይፈረድብሽም፣ እኔም መጽሐፉን ስንቴ ወርውሬ ስንቴ እንዳነሳሁት እማዬ ትመስክር።

በመጨረሻ በሩ ላይ ጻፍኩት። ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚያወጣውን፣ አባዬ ራሱ የሠራውን ሰፊ የብረት በር ታስታውሺው የለ? ብረት ላይ ምልክት ከሚያደርግበት ጠመኔ ወሰድኩና የንጥረ ነገሮቹን ሰንጠረዥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመርኩበት። ምልክቶቹ ብቻቸውን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀመጥ አሉ። ያኔ ሰው ጨመርኩባቸው። ዘመዱን የሚረሳ የለም ብዬ ከየምልክቱ ሥር አንድ አንድ ዘመድ ጻፍኩ።

እማዬ ካርቦን ሆነች፣ ምክንያቱም እንደ ካርቦን በአንድ ጊዜ አራት መያዝ የምትችል እሷ ናት። ካርቦን ከሰል መሆኑን ስትሰማ ልጄ ከሰል አለችኝ ብላ ተቆጣች፤ አልማዝም ካርቦን ነው ስላት ዝም ብላ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመረች። አክስታችን ፍሎሪን ናት። ፍሎሪን የፈለገውን ከማንም ላይ ይነጥቃል፤ አክስታችንም ከቤታችን ባዶ እጇን የወጣችበትን ቀን ካስታወስሽ ጻፊልኝ። ስሟን በሩ ላይ አይታ ምን ማለት ነው ብትለኝ፣ ከሁሉም ኃይለኛው ነው፣ የሚችለው የለም አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች፤ እስክሪብቶዬን ይዛ።

አንቺን ሶዲየም አደረግኩሽ። እንዳትቀየሚኝ። ሶዲየም ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀመጠው፣ ጠብታ ውሃ ከነካው ቱግ ይላል፤ ቱግ ማለትሽን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። ባልሽን ክሎሪን አልኩት፣ ምክንያቱም እሱ በር ሳይደርስ ሽቶው ቀድሞ ገብቶ ሰው ያንቃል። ለየብቻችሁ አንቺ ታቃጥያለሽ፣ እሱ ያንቃል። አብራችሁ ስትሆኑ ግን ጨው ናችሁ፣ ያለ እናንተ ምግብ አይጥምም። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ስስቅ እማዬ ሰምታ ግንባሬን ልትዳስስ መጣች። ስምሽን በሩ ላይ መጻፍ ሬዲዮን ማስከፈት ስለሆነ ማበጠሪያ ሣልኩልሽ፤ ለባልሽም የሽቶ ጠርሙስ።

አባዬን ደግሞ የቀኙ ጠርዝ ላይ፣ ከማንም ጋር ከማይዋሃዱት ጋዞች መሃል አስገባሁት። አርጎን። ብየዳ ቤት ሲሊንደሩን ስለማየው አይጠፋኝም ብዬ ነው፤ ዝምታውንም ታውቂዋለሽ። ሳስበው ክፋት አልታየኝም።

አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻዩን እንደያዘ በሩ ፊት ቆመ። መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። ራሱን ሲያገኘው፣ እዚህ ጥግ ያሉት ምንድን ናቸው አለኝ። ምን ቆርጦኝ ልዋሸው፣ ከማንም ጋር የማይቀላቀሉ ናቸው አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ አስቀምጦ ወጣ። እማዬ በዓይኗ ገረፈችኝ። በማግሥቱም ዝም፣ በሳልስቱም ዝም። ድሮም ዝምተኛ ነው፣ ይሄኛው ግን የተቀየመ ሰው ዝምታ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ላጠፋው ብል ተይው ብሎ ከለከለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማሽን አድርጊ አለኝና ብየዳ ቤት ወሰደኝ። የብየዳውን ጭንብል አጠለቀልኝ፣ እስከ ደረቴ ዋጠኝ። ሁለት ቁራጭ አሉሚኒየም አጋጥሞ፣ ጋዙን ዘግቶ በየደ። የወጣው ነገር ያረረ ዳቦ ነው የሚመስለው፣ ጥቁር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። በመዶሻ ነካ ሲያደርገው ተላቀቀ። ከዚያ ሌላ ሁለት ቁራጭ አመጣና የአርጎኑን ሲሊንደር ከፈተ። ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል እንጂ ዓይን የሚያየው ነገር የለም። በየደው። መስመሩ ብርማ ሆኖ እንደ እማዬ ስፌት ተስተካክሎ ተኛ። በመዶሻ ቢመታው፣ ደግሞም ቢመታው፣ ንቅንቅ የለም።

ጭንብሉን ከፊቴ አነሳልኝ። "አየሽ፣ ከማንም አይቀላቀልም" አለኝ። "ግን እሱ ከላይ ካልቆመላቸው አየሩ ይበላቸዋል። ሁለቱ አይያያዙም።"

ከአባዬ አፍ ይህን ያህል ነገር በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ጋዙን ዘጋ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ የጋዙን ጎማ ጠቀለለ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ያቺ ማበጠሪያ እሷ ናት?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ከእኔ ጋር በአንድ ረድፍ ናት አለ። አዎ አልኩት፣ ሦስተኛው ረድፍ የሚጀምረው በእሷ ነው፣ የሚያልቀው ባንተ ነው።

"ይሄን ባውቅ በሩን ጠበብ አድርጌ እሠራው ነበር" አለ።

እህቴ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የብየዳው ብርሃን ነው አልኩት፤ ጭንብል አድርገሽ አልነበር ወይ ብሎ አላፋጠጠኝም። ደግሞም፣ ከእኔ ጎን ያለው ጠርሙስስ አለ። አማችህ ነው አልኩት። ሠርጉ ላይ ባይገኝም በሰንጠረዡ ጎረቤቱ አደረግኩት። "ከነሽቶው?" አለኝ። ከነሽቶው አልኩት። እንዴት እንደሳቀ ልነግርሽ አልችልም፤ ወንበሩን ይዞ ነው የሳቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስጠኚዬ እሱ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ በሩ ፊት ይቆምና በባርኔጣው አንዱን ቤት ይሸፍንብኛል፤ እኔ ማን እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚስማማ እናገራለሁ። ፎስፈረስ ሲጠፋብኝ የአጎትሽን ሚስት እንዴት ትረሻለሽ ብሎ ከልቡ ይቆጣል። ሶዲየም ላይ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን አያስቀምጥም። እሷን አትረሻትም ብሎ ያልፋታል።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ሰው በሰው ነበር፤ ሁሉም ያልለመደውን ጸሎት ይጸልያል። ኢንኦርጋኒኩ ጋ ስደርስ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ። አክስታችን ብቻዋን ሁለት ጥያቄ ይዛልኝ መጣች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠችኝ። ማበጠሪያሽም መጣች፣ ከነጠርሙሱ። አርጎን ግን አልመጣም። ገጹን ወደፊትም ወደኋላም ገለጥኩ፣ የለም። በአባዬ ፈንታ ተናደድኩ። ስወጣ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ እንዴት ነበር አላለኝም፣ "መጣ?" ነው ያለኝ። መጣ አልኩት። ምን ላድርግ? ብየዳ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ጥያቄ ነው። ሲመጣ እንዳታጋልጪኝ አደራ።

ሲመጣ አልኩ እንዴ? በቃ፣ ከአፌ አመለጠ። አልፌያለሁ። ስሜ ወጥቷል። እማዬ ስትሰማ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፣ አሁን እየተረተረችው ነው። ምዝገባው ደግሞ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው። ማን ያድርሳት ሲባል አባዬ እኔ አለ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ብቻ ነው አለ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ አለ።

ትናንት ግን ሻንጣውን ሲያሰናዳ አየሁት። ለደርሶ መልስ ሦስት ሸሚዝ። ከሸሚዞቹ መሃል በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ብሎንና መፍቻም አለ። እማዬ ለምዝገባ መፍቻ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችው። ጋዜጣውን ፈታና አጭር የአሉሚኒየም እግር አወጣ። አዲስ ነው፣ ገና ያብለጨልጫል።

"የአልጋዋን የኋላ እግር ቸኩዬ ነው የበየድኩት" አላት። "ልጁ ይዞ መቆም ሲጀምር ትወዛወዝበታለች።"

እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም።

እንግዲህ አልጋ አንጥፊ፣ ሰፊ አድርገሽ። ሻዩን ሳይጨርስ እንዳይነሳ አድርጊ። ባለሽቶውንም ለዚያ ቀን ብቻ ቆጠብ በል በይው። እስክንገናኝ ድረስ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ልጅሽ ይደግልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጉደለው።

ለፀጉሯ አዲስ አቆራረጥ የምትጠብቅ፣
ታናሽ እህትሽ

በደቃቅ ጽሑፍ ለጠየቅሽኝ በደቃቅ ጽሑፍ ልመልስልሽ። ሬዲዮኑን አክስታችን ይዛው ሄዳለች። አባዬም መልሺ አላላትም።