የቆሻሻ ገንዳውን በጠመንጃ ለሚያስጠብቁት ክቡር ከንቲባ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፣

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን ከነመላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ የእኛ የጠራጊዎቹ የጤና ጉዳይም ቢሮዎ ከገባ ሰባት ወሩ ነውና፣ እሱም ካለበት መሳቢያ በደህና እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ከዳቦ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረግሁ ሴት ነኝ። እንደሚያስታውሱት የጠየቅነው ጓንት ብቻ ነበር። ሰሚ ስናጣ መጥረጊያችንን አስቀመጥን፤ ክቡርነትዎም በሦስተኛው ቀን አንድ ሻምበል ጦር ላኩልን። ጓንት ለጠየቀ ጦር የሚልክ ለጋስ መሪ ስላገኘን ፈጣሪን አመስግነን ሳንጨርስ፣ ወታደሮቹ ከመኪና ወረዱ። ሁሉም ጓንት አጥልቀዋል። አዲስ፣ ወፍራም፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ለካ ጓንት ነበረ!

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ለገንዳው ዘብ ስላቆሙለት አመሰግናለሁ። መታወቂያ ያላሳየ ሰው ቆሻሻ መጣል አይችልም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መታወቂያው ስለጠፋበት የሦስት ሳምንት ቁርጥራጩን አልጋው ሥር አከማችቶ ይተኛበታል። መንገዱ በእርግጥ ጸድቷል፤ ቆሻሻው ሁሉ እቤታችን ነው።

፪. ወታደሮቹን አልወቅስም፤ ታዘው ነው። አንዱማ በእኛ ፋንታ መንገዱን ሊጠርግ መጥረጊያ አያያዝ ሲቸግረው አንጀቴ አልችል ብሎ አሳየሁት። «እማማ፣ እኛ እኮ የሰለጠንነው ለሌላ ነበር» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ድንበሩን አሁን ማን እንደሚጠብቅ ልጠይቀው አልሁና ተውሁት፤ ሰው ካነሰ ግን ሥራ የፈታን ጠራጊዎች አለን።

፫. ይኸኛው ቀልድ አይደለም። «ቅመም» የምንላት ባልደረባዬን፣ ሥራ ባቆምንበት ዋዜማ ሰባራ ጠርሙስ መዳፏን ሰነጠቃት። ቁስሉ አመርቅዞ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ከንቲባ። የመረጥንዎ እንዲያነጋግሩን እንጂ እንዲያዘምቱብን አልነበረም። ጓንቱን ለእኛ ሰጥተው ወታደሮቹን ወደ ሰፈራቸው ቢመልሱ፣ ነገ ጠዋት መንገዱ ላይ ነን።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጎነበሰ ወገቤን ለክብርዎ አንድ ጊዜ ደግሜ ዝቅ በማድረግ፣

መራጭዎ፣ የዳቦ ቤቱ መንገድ ጠራጊ

ማስታወሻ፦ በሚመጣው ወር የከንቲባ ምርጫ አለ። ቅመም በቀሯት ጣቶች እስክሪብቶ መያዝ ተለማምዳለች። ስለዚህ ድምፅ ለመስጠት እባክዎ ጦር እንዳይልኩ፤ ያንን ሥራ እኛው እንሠራዋለን፣ ያለ ጓንትም ቢሆን።