ልማዴን እንዳልለውጥ ላዘዙኝ የምርመራ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? እንቅልፍዎስ? የእርስዎ በሰላም ማደር ለእኛ ለጥበቃዎ ተጠቃሚዎች ትልቅ መጽናኛ ነው። እኔ በመስኮቱና በስፌት መኪናዬ መካከል ባለችው ቦታ፣ በመልካም ፈቃድዎ ደህና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ ሦስት ሴቶችን የገደለው ሰው ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖረው ተከራይ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሁለት መርማሪዎችዎን መኝታ ቤቴ ውስጥ ካስቀመጡ አራት ወር ሆነ። ለእኔም ተጠርጣሪው እንዳይነቃ የዘወትር ልማዴን እንዳልለውጥና ከቤቴ ርቄ እንዳልሄድ የሚያዝ ደብዳቤ በፊርማዎ ደርሶኛል። ስለጣሉብኝ እምነት እያመሰገንኩ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ትእዛዝዎን አክብሬያለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቼ አበቦቼን አጠጣለሁ። አንዱ ከደረቀ ሁለት ወር ሆኖታል። እሱንም አጠጣዋለሁ። እህቴ ስትወልድ ሻንጣዬን ይዤ ደረጃው ድረስ ወርጄ ነበር፤ ረጅሙ መርማሪ፣ እትዬ፣ ትእዛዝ መጣስ እኮ ያሳስራል ብሎ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ መለሰኝ። ለትሕትናው አመሰግናለሁ። ከባድ ሻንጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ መርማሪዎቹ፣ ረጅሙና ባለመነጽሯ፣ በመጀመሪያው ወር መስኮቱን ያዩ ነበር። በሁለተኛው ወር የእሱ ኮት ቁልፍ ተበጠሰ፤ እሷም ከሳጥኔ መርፌ ወስዳ በጥቁሩ ኮት ላይ በአረንጓዴ ክር ተከለችለት። ልብስ ሰፊ ነኝና ያን ክር ሳይ ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል የምሰማው፣ ተራው ያንቺ ነው እኮ፣ አንተ እይ እንጂ፣ እኔ ሌላ ነገር እያየሁ ነው፣ ሂድ ወዲያ ቀልደኛ፣ የሚል ሙግት ነው። በፍቅራቸው አልቀናሁም። ትንሽ ቀናሁ። ፍርሃት በሞላበት ቤት ሰው ሲስቅ መስማት ደግ ነገር ነው፤ መስኮቱን ማን እንደሚያይ ብቻ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ በጋዜጣ ለሴቶች የሰጡትን ምክር አነበብኩ። ገዳዩ የሚመርጠው በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ነገር የሚያደርጉ ሴቶችን መሆኑን ደርሰንበታል፣ ስለዚህ ሴቶች ሰዓታቸውን ይለዋውጡ ብለዋል። ግሩም ምክር ነው። ቆርጬ ከደብዳቤዎ ጎን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በሁለቱም ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። የትኛውን ልታዘዝ ብዬ ባለመነጽሯን ብጠይቃት መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። ብዙ ጠረገችው። እስከዚያ ቀን ድረስ መስኮቱ ተከራዩ የሚታይበት ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ የምታይበት ነው።

አራተኛ። ባለፈው ማክሰኞ ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ደንበኛ መጣ። ከፈትኩለት፤ ለደንበኛ መክፈት ልማዴ ነው። ያ ፊት ለፊት ያለው ሰው ነበር። ተንበርክኬ እግሩን ለካሁ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ሳል ነው። እሱም በለሰለሰ ድምፅ፣ እትዬ፣ ሰዓቴን በእርስዎ ነው የማስተካክለው፣ ደረቁን አበባ ግን ለምን ያጠጡታል? አለኝ። እንደወጣ መኝታ ቤቱን አንኳኳሁ። ከብዙ ኮሽታ በኋላ ተከፈተልኝ፤ ከዚያም የክትትል መዝገባቸውን አገላብጠው አሳዩኝ። ተጠርጣሪው ከጠዋት ጀምሮ ከቤቱ አልወጣም ይላል። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። እኔም የለካሁት የማንን እግር እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው እህቴ ዘንድ የሚያደርሰኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ትእዛዙን በፈረሙበት በዚያው ብዕር ቢሆንም ቅር አይለኝም።

ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ የእኔንም እንዳይረሱ አደራ እያልኩ፣

ዘወትር በቦታዋ የምትገኘው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ሱሪውን ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እንዲወስድ ቀጥሬዋለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ የሚገባው ሰኞ ነው፤ ቅጂውን ለጋዜጣውም ሰጥቻለሁ፤ ሰውየው ቀድሞ እንዳያነበው ብዬ ግን የሚታተመው ዓርብ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። ስለዚህ አንባቢዎች ይህን ሲያነቡ እርስዎ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ። ሐሙስ የት እንደምገኝ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ሌላ ቦታ ለመሆን ፈቃድ የለኝም።