አክስቴ መብላት የጀመረችበት ምክንያት

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ ጫልቱ ዛሬም በላች። ከኬሞው ወዲህ ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አይረጋም ነበር፤ ዛሬማ ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በልታ ጣቷን ላሰች።

አጎቴ፣ የቤታችን ጠቅላይ ጸሎተኛ፣ «ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን፣ ጸሎቴ ተሰማ» እያለ ሲሬ ላሉት ዘመዶች ሳይቀር ደወለ። የድምፁን ጉልበት ለሚያውቅ ስልኩ ትርፍ ነው። ከዚያ «ለዳነ ሰው ጅማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጅማ ሆስፒታል የነበራትን የሐሙስ የኬሞ ቀጠሮ ሰረዘ።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ወንድሜ ገመቹ በድብቅ ያመጣውን የካናቢስ ዘይት ከምላሷ ሥር ጠብ የማደርግላት እኔ ነኝ። ዘይቱ ማቅለሽለሹን ያስታግሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ካንሰሩን ግን አያድንም። ብናገር አጎቴ ራሱ ፖሊስ ጠርቶ ገመቹን ያስይዘዋል። ዝም ብል አክስቴ ሕክምናዋ ይቀርባታል።

ከሰዓት ከአክስቴ ጋር ብቻችንን ስንሆን «አዳዳ፣ እውነቱን ልንገራቸው?» አልኳት።

«ተዪ፣ ደስ ይበላቸው» አለች። «እኔም ጅማ መመለስ አልፈልግም። ሐኪሙ ያለኝን እናንተ አልሰማችሁም።»

ምን እንዳላት ጠየቅኳት።

«ርቦኛል» አለችኝ።

እንቁላል ጠበስኩላት። እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለማንም ገና አልተናገርኩም።