ሰባት ቤት ስቆጥር

ለእታለሜ ለሸጋዬ፣ ጎንደር ትድረስ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ባልሽ፣ ልጅሽ ባይነሽ ደህና ናቸው? እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በስልክ ብነግርሽ ታለቅሺና ትዘጊዋለሽ። ልጄ ኮኮብ ልጻፍልዎ ብትል እምቢ ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁት፤ ፊደሌ ቢጣመም ታግሰሽ አንብቢ።

አንጀቴ ላይ ዕጢ ወጥቶብኛል። ካንሰር ነው፤ ስሙን አልደብቅሽም። ዶክተር ኤላ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ከዕጢው ቆንጥራ አስመረመረችና ስለ ዘመዶቼ ጠየቀችኝ። እኔም ልጅ ስንድር እንደምናደርገው፣ ኮራ ብዬ በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ቆጠርሁላት። ኮኮብ እየሳቀች ታስተረጉማለች። ዶክተሯ ግን ስማቸውን ሳይሆን በምን እንደሞቱ ነው የጠየቅሁት አለች። ተቆጣሁ። በኛ ሙት በስሙ እንጂ በሕመሙ ይቆጠራል ወይ አልኋት። ቤሰደር፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ብላ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ጥያቄዋ ግን አላስቀመጠኝም፤ እንደገና ቆጠርሁ። እናታችን በሆዷ፣ ሽበት ሳይነካት። ወንድሟም በሆዱ። አባታቸውም በሆዱ። ያኔ የኮኮብ ሳቅ ጠፋ።

በዘር የሚወርድ ነው አለች ዶክተሯ። የኔ ዕጢ ሲባዛ ስህተቱን የሚያርምለት ስለሌለ መልኩ ከገላዬ ይለያል። የሰውነት ዘበኛ እንግዳነቱን ያውቃል፤ ዕጢው ግን አፍዝዞ አስቀምጦታል። ሊሰጡኝ ያሰቡት መድኃኒት ዕጢውን አይመታም፣ ዘበኛውን ያነቃዋል። ክርያት አታ በምትባል ከተማ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ያረጀሁ ነኝና ይህ ገባኝ። ዕጢው ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ እምብዛም አይረዳኝም ነበር። ያድንሃል ብላ ግን አልማለችልኝም።

አሁን ያንቺ ነገር። ኮኮብ ወርሳው እንደሆነ ለማወቅ ደሟን ሰጥታ ውጤት ትጠብቃለች። አንቺ ግን ደም እያየሽ ኪንታሮት ነው ብለሽ ትደብቂያለሽ አሉ፤ ባይነሽ ነግራናለች። እናታችንም እንዲሁ ነበር ያለችው! ሆስፒታል ሂጂና አንጀቴን በካሜራ እዩልኝ በይ። የወንድምሽን ዕጢ፣ የእናታችንን አሟሟት ንገሪያቸው። ማፈር የለም።

የኔ መድኃኒት ከሲግድ በዓላችን በፊት ይጀመራል ተብሏል። እኔ ግን መታየትሽን ሳልሰማ ክንዴን ለመርፌው አልዘረጋም ብያለሁ። ኮኮብ አለቀሰች፣ ዶክተሯ ተቆጣች። ሚስቴ ድንቄ በሕይወት ብትኖር እሷም ባልማረችኝ። ግትርነቴን ታውቂዋለሽ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ኮኮብ እጅ ነስታለች። ባይነሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አደራዬ እሷ ላይ ነው፣ እምቢ ካልሽ እየጎተተች ትውሰድሽ። እኔ ክንዴን አጥፌ ተቀምጫለሁ።

ወንድምሽ አዳሙ
ሐይፋ፣ ሀዳር ሃካርሜል
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.